አባ ፉርቱ እንደገና ሲወዳደሩ

አራት ነን። ሦስታችን ከአምቦ ወደ ምዕራብ በነቀምቴ መንገድ ላይ ካለች አንዲት ትንሽ ከተማ የወጣን፣ ባንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ጭቃ እያቦካን ያደግን ነን። አራተኛው የሆለታ ልጅ ሲሆን ዶርም ስለሚጋራን ብቻ በጉዳያችን ሁሉ ይገባል። የከተማችንንም የትምህርት ቤቱንም ስም አንጽፍም። የምንተርከው ቅሬታ አለበት፤ ሰዎቹም ዛሬ እዚያው ይኖራሉ። የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅም ያገሩን ትምህርት ቤት ቢያስብ ብዙ አይሳሳትም።

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ባንዱ ዓርብ ማታ ለእራት ተሰልፈን ሳለ ከመካከላችን ላንዱ እናቱ ደወሉለት። እሑድ የወላጆች ስብሰባ አለ፣ የወላጅ መምህር ኅብረት ምርጫ ነው፣ አባ ፉርቱም እንደገና ይወዳደራሉ አሉት። ስልኩን ዘግቶ ሲነግረን ፊቱ ተለዋውጦ ነበር።

«እንሂድ» አለ።

«ሄደን ምን ልናደርግ?»

«እንናገራለና!»

አባ ፉርቱ በኦሮምኛ ባለቁልፉ እንደ ማለት ነው። ስማቸው አይደለም፤ እኛ ልጆች ሳለን ያወጣንላቸው ነው። ከመንገድ ሥራ በጡረታ የወጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ክረምት ከበጋ ጋቢ የማይለያቸው ሰው ናቸው። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በወላጆች ተመርጠው በትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ውስጥ አሉ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ቁልፍ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ (መጻሕፍቱ እንኳ ከአንድ ቁምሣጥን አያልፉም ነበር)፣ የኳሱ ሣጥን ቁልፍ፣ ሁሉም ባንድ የኒሎን ገመድ ታስሮ ካንገታቸው ይንጠለጠል ነበር። ጧት ደወል ሳይደወል በር ላይ ናቸው። ያረፈደ ተማሪ ከዲሬክተሩ ይልቅ የሚፈራው እሳቸውን ነው። ቁልፉ ሲንቋቋ ከሩቅ እንሰማና እንበታተናለን።

ጓደኛችን ግን ከሁላችንም የበለጠ ምክንያት ነበረው። በ2007 ዓ.ም. አምስተኛ ክፍል ሳለን ለአዲስ መማሪያ ክፍል ማሠሪያ ከየቤቱ 40 ብር እንዲዋጣ ተወሰነ። «በፈቃደኝነት» ነው የተባለው። አንባቢ ይህችን ቃል ያውቃታል። ባንድ ሰኞ ጧት በሰንደቅ ዓላማው ሰልፍ ላይ አባ ፉርቱ ወረቀት ይዘው ወጡና ያልከፈሉትን ስም ጠሩ። አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ። «ወላጅ ይዛችሁ ኑ» ተባሉ። የጓደኛችን እናት በጉሊት ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡ፣ ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው። ልጁ ሦስት ቀን ከቤት ዋለ። እኛም ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደብተራችንን ልንሰጠው በቤታቸው ስናልፍ ከጓሮ አይወጣም ነበር። ያንን ሰልፍ ነው እስከ ዛሬ ይዞት የሚዞረው።

ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ አራት ገጽ ጻፈ። ያ ሁሉ ነገር በአማርኛ መጣለትና ስብሰባው በኦሮምኛ ነውና ሲነጋ እንደገና ወደ ኦሮምኛ ሲመልስ ነበር። ቋንቋ ማጥናት እንዲህ ያለ ጣጣ አለው።

እሑድ ማለዳ በሚኒባስ ተሣፈርን። ሁሉቃን ተሻግረን ጉደርን እስክናልፍ ዝም ብለን ሄድን። ከዚያ የሆለታው ልጅ የታሪክ ተማሪ ነውና ሴሚናር ከፈተ። ጠቅላላውን ብንጽፈው ገጹ አይበቃንም፤ የያዝነውን ያህል እነሆ።

በ1940 ዓ.ም. የንጉሡ መንግሥት በእርሻ መሬት ላይ የትምህርት ግብር የሚባል ጣለ። ለየአካባቢው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲውል ነው። ወጪውን የሚቆጣጠሩ የትምህርት ቦርዶችም በየጠቅላይ ግዛቱ ተቋቋሙ። ገበሬው ግብሩን ከፈለ እንጂ ቦርዱን አልመረጠም። ልጁም ቢሆን በብዙ ሥፍራ ትምህርት ቤቱን አላየውም፤ ትምህርት ቤት የሚሠራው በከተማ ነበርና። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ደግሞ ለብዙኃኑ ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይበቃል የሚል መንፈስ ያለው ሐሳብ ይዞ መጣ። ወላጅ «የድኻ ልጅ ድኻ ሆኖ ይቅር ነው ወይ?» አለ። መምህራኑም በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ ሲያቆሙ አንዱ ምክንያታቸው ይኸው ነበር፤ ጥናቱም ሳይሠራበት ቀረ። ከአብዮቱ በኋላ በ1960ዎቹ መጨረሻ ትምህርት ቤቶች በሕዝብ ቁጥጥር እንዲተዳደሩ አዋጅ ወጣ፤ ከቀበሌና ከገበሬ ማኅበር የተውጣጡ ሰዎች የትምህርት ቤት ኮሚቴ ሆኑ። በከተማችን ያሉ ሽማግሎች ዛሬም ወላጅ መምህር ኅብረት አይሉም፤ ኮሚቴ ነው የሚሉት። ከዚያ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መጣ፤ እስከ አሥረኛ ክፍል ትምህርት በነፃ አለ። በ1994 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ ደግሞ በየትምህርት ቤቱ የወላጅ መምህር ኅብረት፣ በየቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ተባለ።

«ነፃ ከሆነ ታዲያ 40 ብሩ ምንድን ነው?» አለ ጓደኛችን፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ።

ይኸ ጥያቄ መልስ አለው፤ ደስ የማይል መልስ ቢሆንም። ወረዳ ለትምህርት ከሚመደብለት ገንዘብ አብዛኛው ለመምህራን ደመወዝ ያልቃል። ለግድግዳ፣ ለወንበር፣ ለጣራ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም ባንክና በሌሎች ለጋሾች ርዳታ በተማሪ ቁጥር እየተሰላ ለየትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ድጎማ ነበር፤ መጽሐፍና ጠመኔ ገዛ እንጂ ቤት አልሠራም። ስለዚህ ክፍል የሚጨመረው ወላጅ ሲያዋጣ ነው። በ2015 ዓ.ም. ትምህርት ለትውልድ የሚባለው ንቅናቄ ሲጀመር የተባለውም ያው ነው፤ ኅብረተሰቡ ትምህርት ቤቱን ያሻሽል። ያም ሆነ ይህ አንድ ሰው ከየበሩ ሄዶ «አምጡ» ማለት አለበት። ደመወዝ የለውም። ምርቃትም ብዙ አያገኝም። በአሜሪካ ወደ 13 ሺህ የሚጠጉ የትምህርት ወረዳዎች አሉ፤ የአብዛኞቹ ቦርድ በሕዝብ ድምፅ የሚመረጥ ሲሆን ብዙዎቹ ግብር የመጣል ሥልጣን አላቸው፤ ያልከፈለውን ሕግ ይጠይቀዋል። የኛዎቹ ሕግ የላቸውም። ያላቸው የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ነው።

ይህን ስንል አባ ፉርቱን ማጽደቃችን አይደለም። የአሥር ዓመት ልጅ በጓደኞቹ ፊት ስሙ ሲጠራ የበጀት አመዳደብ አይታየውም።

ስብሰባው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሊጀመር ነበር፤ የተጀመረው ግን አምስት ሰዓት ሲል ነው። በግቢው ዋርካ ሥር ዴስክ ተደርድሯል። ወደ ሁለት መቶ ሰው ይሆናል፤ ከፊሉ ሣር ላይ ተቀምጧል፤ ሴቶቹ ዣንጥላ ዘርግተዋል። ግቢው አነሰብን። ያ በልጅነታችን ዳር ዳሩ የማይታየው ሜዳ ይህ ነበር? የሆለታው ልጅ ሜዳውን ሲያይ «አጥር የለውም እንዴ?» አለ። ለዚህ ነገር ንቁ ነው። በኅዳር 2008 በጊንጪ ተማሪዎች ሲነሡ ከመነሻዎቹ አንዱ የኳስ ሜዳና የደን መሬት ጉዳይ ነበር፤ ከሆለታ ወደ አምቦ በመጣ ቁጥር በዚያ ያልፋል። የትምህርት ቤት ሜዳ በኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ የዲሬክተሩ ሪፖርት ነበር። ይህን እንዝለለው። ሰዉ የነቃው የስምንተኛ ክፍል ውጤት ሲነበብ ነው። ሁሉም ወላጅ በዚያ ሰሞን ልቡ የቆሰለ ነበርና። በ2014ቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው በመላ አገሪቱ 3.3 በመቶ፣ በ2015ቱ 3.2 በመቶ፣ በ2016ቱ 5.4 በመቶ ብቻ ነው። እኛ ራሳችን የ2014 ተፈታኞች ነን። ካራታችን ያለፈው አንድ ነው፤ ሦስታችን በሪሜዲያል በኩል የገባን ነን። ማን እንደሆነ ያለፈው አንናገርም፤ እሱ ግን ሳይጠየቅ ይናገራል።

ከዚያ ወደ ምርጫው ተገባ። ለወላጆች አምስት ቦታ አለ፤ የመምህራኑ ወኪሎች ለብቻ ነው የሚመረጡት። የመጀመሪያው ጠቋሚ ሳይውል ሳያድር አባ ፉርቱን ጠቆመ። አባ ፉርቱ ከፊት ወንበር ላይ ናቸው፤ ቁልፉ ካንገታቸው አለ፤ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

ያን ጊዜ ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። ዕድሜያቸው ከአባ ፉርቱ ከፍ ይላል። እንዲህ አሉ፤ «እኔ ክፉ አላየሁብህም። ግን ገዳ ስምንት ዓመት ነው። ከኦዳ ቢሲል የወረስነው ይኸው ነው። አባ ገዳ ስምንት ዓመቱን ሲጨርስ ባሊውን ያስረክባል፤ ‹ድገሙኝ› አይልም። አንተ አሥራ ሦስት ልትደፍን ነው። ቁልፍህ ከባሊ ይበልጣል እንዴ? ልጅህስ ቢሆን ከዚህ ትምህርት ቤት ከወጣ ስንት ዓመቱ!»

ሣቅ ሆነ። ጓደኛችን ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ።

አባ ፉርቱ ቀስ ብለው ተነሡ። አንደኛ የልጅ ልጃቸው ሦስተኛ ክፍል መሆኑን፣ አሳዳጊዋም እሳቸው መሆናቸውን ተናገሩ። ሁለተኛውን ግን ዛሬም አንረሳውም። «ባሊን የሚቀበል ተራውን ጠብቆ ቆሞ ይገኛል። አባ ገዳ የሚያስረክበው ሰው አያጣም። ይህን ቁልፍ ማን ይቀበለኛል? ባለፈው ጊዜ ‹በቃኝ› ብዬ ነበር። ማን እጁን አወጣ?» ብለው ዙሪያውን ቃኙ። ሁለት መቶ ሰው መሬት መሬት አየ። የተናገሩት ሽማግሌም ተቀመጡ።

ጓደኛችን እጁን አወጣ። ሰብሳቢው «እናንተ ወላጅ ናችሁ ወይስ ተማሪ?» አለ።

«የቀድሞ ተማሪዎች ነን።»

«ለቀድሞ ተማሪ አጀንዳ አልተያዘም።»

እንደገና ሣቅ። አራት ገጹ ታጥፎ ወደ ኪስ ተመለሰ። እኛም በመንገድ ላይ ለምን ይህን አላሰብንም እያልን በየራሳችን አፈርን።

በዚህ መሐል ከዣንጥላዎቹ ሥር አንዲት ሴት ተነሡ፤ የጓደኛችን እናት። ክው አለ። ስለዚያ ሰልፍ ሊናገሩ ነው ብለን ነበር። እሳቸው ግን ስለ 2007 አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሰባተኛ ክፍል ሴት ልጅ አለቻቸው።

«የሴቶች ሽንት ቤት በር የለውም» አሉ። «ልጄ በወር አራት ቀን፣ አምስት ቀን ከቤት ትውላለች። የመጣችም ቀን ውኃ ሳትጠጣ ነው የምትውለው። ዓምና ለበሩ አዋጥተናል። በሩ የት ነው?»

እንዲህ ያለ ነገር በወንዶች ፊት በአደባባይ ሲነገር ከተማችን አይታ አታውቅም። ጸጥ አለ። አንዳንዱ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። አባ ፉርቱ ከደረት ኪሳቸው አንድ የተጣጠፈ ፌስታል አወጡ፤ ከፌስታሉ ወረቀት አወጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ። ቆርቆሮው በዚህ ቀን ተገዝቷል፣ ደረሰኙ ይኸውና፤ ነገር ግን ክረምት ላይ ንፋስ የአምስተኛ ክፍልን ጣራ ገልጦት ስለነበር ለዚያ ዋለ፤ ልጆች ዝናብ እየመታቸው ይማሩ ወይ? አሉ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። እውነት ነዋ! ጣራው መገለጡን ሁሉም ያውቃል።

«ደረሰኙ በር አይሆንም» አሉ እናት። «ልጄን አይጋርዳትም።» ተቀመጡ።

አንዲት መምህርት ከዳር ሆነው «እሳቸውን እጠቁማለሁ!» አሉ። መምህር ወላጅን መጠቆም ይችላል አይችልም በሚል ሩብ ሰዓት አለቀ። በመጨረሻ ሌላ ወላጅ ጠቆመና ነገሩ በረደ። የሆለታው ልጅ በጆሯችን የሚለውን አላቋረጠም፤ በእንግሊዝ አገር ሴት ለምክር ቤት መምረጥ በማትችልበት ዘመን ለትምህርት ቦርድ ግን መመረጥ ትችል ነበር አለን። በ1870 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የለንደን ትምህርት ቦርድ ምርጫ ሲደረግ ኤልዛቤት ጋሬት የምትባል ሐኪም ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ አምጥታ ገባች፤ ምክር ቤት ለሴቶች በሩን የከፈተው በ1918 እ.ኤ.አ. ነው። ደስ የሚል ወሬ ነው፤ ግን እኛ ያን ጊዜ የምናየው ባለ ሽንኩርቷን እናት ነበር። ነጠላቸውን ባፋቸው ላይ አድርገው ሣሩን ይነጫሉ።

ሰባት ሰው ተጠቆመ። ድምፅ በእጅ ነው። ሁለት መምህራን እየዞሩ ይቆጥራሉ፤ አንዱ በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። እናትዬዋ ብዙ እጅ አገኙ። የሴቶቹ ዣንጥላዎች አንድ ላይ ሲወርዱና እጆች ሲወጡ ማየት ራሱን የቻለ ነገር ነበር። ሦስተኛ ሆነው አለፉ። የአባ ፉርቱ ተራ ሲደርስ እጁ ሳሳ። ሽማግሌው ያሉት ነገር ሠርቷል፤ የበሩም ነገር ሠርቷል። ጓደኛችን በከንፈሩ አብሮ ይቆጥራል፤ እኛም እንቆጥራለን። ቆጣሪው ወደ ሴቶቹ ሲዞር ከሥር አንድ እጅ ወጣ። የእናቱ ነበር።

አባ ፉርቱ ባንድ ድምፅ በልጠው አምስተኛ ሆነው ገቡ።

ከስብሰባው በኋላ በእናትዬዋ ቤት ቡና ተፈላልን፤ ቆሎም ቀረበ። ልጁ አይናገርም። ሦስተኛው እስኪደርስ ጠበቀና «እማዬ፣ ለሱ እጅሽን ያወጣሽው ለምንድን ነው? ያደረገኝን ረሳሽው?» አላት።

እናት ሲኒውን አስቀመጡ። ያን ጊዜ በሦስተኛው ቀን ማታ አባ ፉርቱ እቤት ድረስ መጥተው እንደነበር እሱ አያውቅም፤ ተኝቶ ነበር። «40 ብሩን ተይው፣ ሁለት ቀን መጥተሽ ጭቃ ርገጪ፤ ከፈለች ብዬ እጽፋለሁ» ብለዋቸው ነበር። ሁለት ቀን ከጭድ ጋር ጭቃ ረገጡ፤ ግድግዳም መረጉ። እሱ አምስተኛ ክፍልን የጨረሰው እናቱ በመረጉት ክፍል ውስጥ ነው። እኛም እንዲሁ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጭቃ ረግጣ ነው ያስተማረችው እንዲሉህ ነው?» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ፣ «ስምህን በሰው ፊት መጥራቱን አልረሳሁትም። እነግረዋለሁ፤ አሁን እኩል ነን። ግን ወረዳ ሄዶ ከየቢሮው በር ላይ ሲቆም የማይሰለቸው እሱ ብቻ ነው። እኔ አዲስ ነኝ። በሩን ማን ያሠራልኛል?»

ጓደኛችን ቡናውን ሳይጨርስ ወደ ጓሮ ወጣ። የረካ አይመስለንም። እኛም ብንሆን አልተስማማንም፤ ዛሬም በዶርም ስንጨቃጨቅበት እናመሻለን። አንዳችን ልጅን በሰልፍ ላይ ያሳፈረ ሰው ዘላለም ቁልፍ መያዝ የለበትም ይላል። አንዳችን ደግሞ ቁልፉን ለመያዝ ያልተነሣ ሰው ሣሩ ላይ ተቀምጦ ገዳን ማንሣት አይገባውም ይላል። የሆለታው ልጅ ሁለቱንም ይደግፋል።

ወደ አምቦ ልንመለስ መኪና ስንጠብቅ ከኋላችን ቁልፍ ተንቋቋ። ተማሪ አይደለንም፤ ግን ከመካከላችን ሁለቱ ሳያስቡት ቀጥ ብለው ቆሙ። አባ ፉርቱ ደብተር ይዘው መጡ። አንድ ባንድ አዩን፤ የያንዳንዳችንን የአባት ስም ጠሩ። ጓደኛችን ጋ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩ። የሚሉት ያለ መሰለን፤ አላሉም። ደብተሩን ገለጡና፣

«የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናችሁ። ለበሩ ሃምሳ ሃምሳ ብር።»

«እኔ የሆለታ ልጅ ነኝ!» አለ ያ ሰው።

«ቆሎአችንን በልተሃል» አሉት።

ሁለት መቶ ብር ሰጠን። ከጓደኛችን እጅ ሲቀበሉ ሁለቱም አልተያዩም። ደረሰኙን በካርቦን ጽፈው ቀደው ሰጡን፤ ዛሬ ዶርማችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

ለገና ስንሄድ በመጀመሪያ ያየነው ሽንት ቤቱን ነው። በሩ ተገጥሟል፤ አዲስ ቆርቆሮ ነው፤ ያብለጨልጫል። መቀርቀሪያ ግን የለውም። የጓደኛችን እኅት እንደነገረችን ሴቶቹ ልጆች ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው የሚሄዱት፤ አንዷ ስትገባ አንዷ ከውጭ በሩን ይዛ ትቆማለች።